የድሮውን የግራንት መገምገሚያ ሲስተም ወደ አዲስ ማዛወር፦ ከመጀመሪያው ባክአፕ እስከ መጨረሻው ሎግኢን

«ከድሮው ሲስተም ኤክስፖርት አድርጌ አዲሱ ላይ ብጭነው አይበቃም?»

ይህን ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮ ከሚሠሩ ወዳጆቼ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሲስተም የምለው የምርምር ገንዘብ (ግራንት) ማመልከቻዎች የሚገቡበትንና የሚገመገሙበትን ነው። በስልክ ሁልጊዜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ አይበቃም ነው። ዳታው ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፣ ይደርሳል። ችግሩ ሌላ ትርጉም ይዞ መድረሱ ነው። ባዶ የነበረው ነጥብ ዜሮ ሆኖ ይደርሳል። የጥቅምቱ ቀን ፌብሩዋሪ ሆኖ ይደርሳል። ለኮሚቴው ብቻ የተጻፈው አስተያየት አመልካቹ ፊት ተዘርግቶ ይገኛል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ለመከላከል ናቸው።

መመሪያው አክሰስ ወይም ኤክሴል ላይ ለሚሠሩ፣ ወይም ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ በፒኤችፒ (የድረ ገጽ መሥሪያ የፕሮግራም ቋንቋ) ሠርቶላቸው ውጭ አገር ለሄደባቸው ቢሮዎች ነው። አዲሱ ሲስተም የተገዛም ይሁን በነጻ የተገኘ አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የድሮው ሲስተም ሙሉ ዳታቤዝ ቅጂ። ከስክሪኑ ላይ «ኤክስፖርት» ብላችሁ የምታገኙት አይበቃም፤ እሱ የሚሰጣችሁ የሚታየውን ብቻ ነው።
- ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ፍላሽ አይሆንም።
- የአዲሱ ሲስተም መሞከሪያ ቅጂ፣ ከዋናው የተለየ።
- ሊብሬኦፊስ ካልክ። ፋይል ሲከፍት የፊደሉን ኢንኮዲንግ (ፊደሉ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠበትን ኮድ) ስለሚጠይቃችሁ ለአማርኛ ዳታ ከኤክሴል ይመቻል።
- ኦፕንሪፋይን። በነጻ የሚገኝ የዳታ ማጽጃ ነው፤ ተመሳሳይ ስሞችን ያሰባስብላችኋል።
- ሥራው መፈቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከነፊርማው። በመሀል «ማን ፈቀደልህ?» መባሉ አይቀርም።
- ከአይሲቲ አንድ ሰው። እና ፕሮፖዛሎቹን ለዓመታት ስትቀበል የኖረችው የቢሮ ሠራተኛ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እሷን ነው የምመርጠው። «ይሄ ቀይ ቀለም ምንድነው?» ስትሏት መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ምረጡ

ግምገማ ክፍት ሆኖ ሳለ አትጀምሩ። አንድ ጥሪ (ፕሮፖዛል አስገቡ የሚል ማስታወቂያ) ተዘግቶ፣ ውጤቱ ተገልጾ፣ ቀጣዩ ሳይወጣ ያለው ክፍተት ነው ጊዜያችሁ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያም ይቅርባችሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያን ሰሞን ፋይናንስም ኃላፊዎቹም አይገኙም። የእነሱ መልስ ደግሞ በየቀኑ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 2፦ ባክአፕ ያዙ፣ ከዚያ ቁጠሩ

ዳታቤዙንና የተያያዙ ፋይሎችን በሙሉ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ገልብጡ። አንዱን ከቢሮ ውጭ አስቀምጡ። ከዚያ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ። ተከፍቶ ያልተሞከረ ባክአፕ አለ ብላችሁ አትተማመኑበት።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፉ፦ ስንት ጥሪ፣ ስንት ፕሮፖዛል፣ ስንት ገምጋሚ፣ ስንት የተሞላ ግምገማ፣ ስንት ፋይል አለ? ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙበት። በኋላ «የእኔ ፕሮፖዛል ጠፍቷል» የሚል ሰው ሲመጣ መልሳችሁ ይህ ወረቀት ነው።

ደረጃ 3፦ ምን እንደሚዛወር ወስኑ

ሁሉንም ማዛወር አያስፈልግም። በሂደት ላይ ያሉና ገንዘብ የተለቀቀላቸው ፕሮጀክቶች ሙሉ በሙሉ ይዛወሩ። ከዓመታት በፊት ውድቅ የተደረጉት ግን በማይነካ መዝገብ ውስጥ ቢቀመጡ ይበቃል። የምታዛውሩት ባነሰ ቁጥር የምታጸዱት ያንሳል።

አሮጌ ሰነድ ከመጣላችሁ በፊት ግን የገንዘቡን ስምምነት አንብቡ። ለምሳሌ ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመጣ ግራንት ከሆነ፣ የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሰነዱ በጥቅሉ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት። ኦዲት ከተጀመረ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ። ሌሎች ለጋሾች የራሳቸው ዘመን አላቸው።

ደረጃ 4፦ የዓምዶች ማዛመጃ ሠንጠረዥ ሥሩ

አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል፦ የድሮው ዓምድ፣ የአዲሱ ዓምድ፣ በመካከል ምን ይለወጣል፣ ማን ወሰነ። አራተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። አትዝለሉት። ከሦስት ወር በኋላ «ይሄ ለምን እዚህ ገባ?» ሲባል ማንም አያስታውስም።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ስም ነው። አዲሶቹ ሲስተሞች አብዛኞቹ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም በአንዱ፣ የአባት ስም በሌላው ሳጥን እንዲገባ ወስኑና ለሁሉም በዚያው ቀጥሉ። የአያት ስም የሚገባበት መካከለኛ ሳጥን ካለ የአያትን አውጥታችሁ ለብቻው ያዙት። አለዚያ ዝርዝሩ ግማሹ በአባት፣ ግማሹ በአያት ስም ይደረደራል።

ስሙን በባዶ ቦታ ቆርጦ የሚከፍል ፎርሙላ ደግሞ አደገኛ ነው። «ገብረ መድኅን ተስፋዬ» የሚለው ስም «ገብረ» የሚባል ሰው፣ አባቱ «መድኅን» ሆኖ ይወጣል። ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ አምኃ ብለው የሚጀምሩትን በፊልተር አውጥታችሁ በእጅ አስተካክሉ። «ዶ/ር» እና «ረ/ፕ/ር» በስሙ ሳጥን ውስጥ ካሉ ወደ ማዕረግ ዓምድ ይሂዱ። ካልሄዱ ዝርዝሩ በፊደል ሲደረደር ዶክተሮቹ ሁሉ «ዶ» ላይ ይሰለፋሉ።

ደረጃ 5፦ ዳታውን አጽዱ

ረጅሙ ሥራ ይህ ነው። ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹን ለዚህ ያዙ።

*ፊደል።* የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ካለ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እነዚያ ፎንቶች ከስር የፈረንጅ ፊደል ኮድ ነው የሚያስቀምጡት፤ ከላይ ብቻ ነው አማርኛ የሚመስሉት። መፈተኛው ቀላል ነው። ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሩት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ነው። የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ከሆነ የድሮ ነውና በመቀየሪያ ፕሮግራም ማለፍ አለበት። ከተቀየረ በኋላ ሰው ያንብበው። በአንድ ሳጥን ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅለው ከነበረ እንግሊዝኛውም አብሮ ወደ ትርጉም የለሽ አማርኛ ይቀየራል።

ሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ስታወጡ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 (የተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ) መሆኑን አረጋግጡ። ኤክሴል ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት። ብዙ ጊዜ ኢንኮዲንጉን ይስትና አማርኛው ጭረት የተጫነባቸው የፈረንጅ ፊደላት ሆኖ ይመጣል፤ እንዲያ እንዳለ ሴቭ ካደረጋችሁት ፋይሉ ተበላሸ ማለት ነው።

ሌላም አለ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አዲሱ ሲስተም ለርዕስ 255 ባይት ብቻ ከፈቀደ 85 ፊደል ላይ ይቆረጣል። የምርምር ርዕስ ደግሞ እንደምታውቁት አጭር አይደለም። ረጅሞቹን አስር ርዕሶች መርጣችሁ ሞክሩ።

*ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት።* ሰናይትና ሠናይት፣ ፀሐይና ጸሀይ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኦፕንሪፋይንም ቢሆን በራሱ አያገናኛቸውም። መፍትሔው አንድ ረዳት ዓምድ መክፈት ነው። በዚያ ዓምድ ብቻ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፣ ከነሙሉ ቤታቸው። ድግግሞሹን በዚያ ዓምድ ፈልጉ። ዋናውን ስም ግን አትንኩ። ሰውዬው ስሙን በሠ ከጻፈ በሠ ነው።

ሁለት መዝገብ አንድ ሰው መሆኑን በስም ብቻ አትወስኑ። ኢሜይል፣ ስልክ ወይም ኦርኪድ ቁጥር (የተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ መለያ) ይመሳሰል። አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት መምህራን በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ብዙ ጊዜ አሉ። ካደባለቃችኋቸው አንዱ የራሱን ፕሮፖዛል ሲገመግም ይገኛል።

*ቀን።* እዚህ ላይ ቆም በሉ። በድሮው ፋይል 30/02/2015 የሚል ቀን አለ እንበል። ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 9 ቀን 2022። ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ይህ ደጉ ነው፣ ስህተቱ ይታያል። ክፉው 12/02/2015 ነው። እሱን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል። ፕሮጀክቱ በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጃል።

ጳጉሜ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ጳጉሜ 5 ቀን 2015 በ05/13/2015 ተጽፎ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ፣ ሜይ 13 ይሆናል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ቀን ከመነካቱ በፊት ዓምዱን በሙሉ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት። ከዚያ «ይህ ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው?» የሚል ሌላ ዓምድ ጨምሩና ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ሙሉ። የተቀየረውን በአዲስ ዓምድ፣ የድሮውን ባለበት ያዙ። ዓመቱን ብቻ 7 ወይም 8 ጨምሮ መቀየር አይሆንም፤ ወሩና ቀኑም ይለያያሉ።

*ነጥብ።* አሮጌው ቅጽ የሚጠቀምበትን ሚዛን እወቁ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ሚዛን 1 ምርጥ፣ 9 ደካማ ነው። ቅጻችሁ ከዚያ ተቀድቶ ከሆነና አዲሱ ሲስተም ትልቅ ቁጥር ምርጥ ነው ብሎ ከተነሳ፣ ደረጃው ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። የመጨረሻው አንደኛ ይወጣል። የመጀመሪያውን ነጥብ እንዳለ አስቀምጡ፣ የተገለበጠውን ከጎኑ ጻፉ። ለ1–9 ሚዛን ከ10 ላይ መቀነስ ነው።

ባዶን ከዜሮ ለዩ። ሦስት ገምጋሚዎች ተመድበው ሁለቱ 82 እና 78 ሰጡ፣ ሦስተኛው አልሞላም እንበል። አማካዩ 80 ነው። ባዶው ዜሮ ሆኖ ከገባ 53.3 ይሆናል። ያለፈ ፕሮፖዛል ወደቀ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ማን ምን እንደሚያይ በወረቀት ጻፉ

ማንኛውም ዳታ ከመጫኑ በፊት ይህ ያልቃል። አመልካች፣ ገምጋሚ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ፋይናንስ፦ ለእያንዳንዱ የሚያየውንና የማያየውን ጻፉ። የገምጋሚው ስም ለአመልካቹ አይታይም የሚል አሠራር ካላችሁ፣ አዲሱ ሲስተም በራሱ ያንን ያውቃል ብላችሁ አትገምቱ።

ትልቁ ወጥመድ የአስተያየት ሳጥን ነው። በጥሩ ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፦ አንዱ ለአመልካቹ የሚሄድ፣ ሌላው ለኮሚቴው ብቻ። በድሮ ኤክሴሎች ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም «አስተያየት» በሚል አንድ ዓምድ ውስጥ ናቸው። ገምጋሚው መጀመሪያ ጨዋ አስተያየት ይጽፍና በአዲስ መስመር «ለእናንተ ብቻ፦ ይህ ሥራ ከሌላ ሰው የተገለበጠ ይመስለኛል» ይላል። ይህ ዓምድ ለአመልካች ወደሚታየው ሳጥን ከገባ ጉዳዩ ከቢሮው አልፎ ሊካሰስበት ይችላል።

መለየት ካልቻላችሁ ሁሉንም ለኮሚቴ ብቻ በሚታየው ውስጥ አስገቡ። ለአመልካቹ የሚገባውን በኋላ አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል። አንዴ የታየን መልሶ መደበቅ ግን አይቻልም።

የጥቅም ግጭት መግለጫዎችም አብረው ይዛወሩ። ብዙ ጊዜ በወረቀት ወይም በኢሜይል ስለሆኑ ይረሳሉ። ካልገቡ ሲስተሙ ገምጋሚውን ለቅርብ ባልደረባው ፕሮፖዛል ሊመድበው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ኢሜይሉን ዝጉ፣ ከዚያ በጥቂቱ ሞክሩ

የመሞከሪያ ሲስተሙን ኢሜይል መላኪያ ከሥሩ ዝጉት፤ ወይም ሁሉም መልእክት ወደ እናንተ አንድ አድራሻ እንዲሄድ አድርጉት።

ይህን የተማርኩት ራሴ አጥፍቼ ነው። አንድ ምሽት የሙከራ ዳታ ጭኜ ቤቴ ሄድኩ። ሲስተሙ ለገምጋሚዎቹ ሁሉ «አዲስ ፕሮፖዛል ተመድቦልዎታል» እያለ ላከ። ጠዋት የመጀመሪያውን ስልክ የደወሉት አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ነበሩ። «ልጄ፣ ይህን እኮ የዛሬ አራት ዓመት ገምግሜ መልሼልሃለሁ» አሉኝ። ሙሉ ቀን ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ።

ለሙከራ 20 ፕሮፖዛሎች ይበቃሉ። ንጹሖቹን ግን አትምረጡ። ስሙ የተከፈለውን፣ ቀኑ ጳጉሜ የሆነውን፣ አንድ ገምጋሚ የቀረበትን፣ ሦስት ተቋማት የተጣመሩበትን፣ ትልቁን ፒዲኤፍ የያዘውን ምረጡ። እነዚህ ካለፉ ሌላው ያልፋል።

ደረጃ 8፦ በቅደም ተከተል ጫኑ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሰዎች፣ ጥሪዎች፣ ፕሮፖዛሎች፣ ምደባዎች፣ ግምገማዎች፣ ውሳኔዎች፣ በመጨረሻ ፋይሎች። ግምገማ ያለ ገምጋሚና ያለ ፕሮፖዛል የሚንጠለጠልበት የለውም። ቀድሞ ከገባ ወይ ይጣላል ወይ ባለቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል።

እያንዳንዱ መዝገብ የድሮ መለያ ቁጥሩን በአንድ ዓምድ ይያዝ። አመልካቹ እጅ ላይ ያለው ደብዳቤ የድሮውን ቁጥር ነው የሚጠራው።

ፋይሎችን በፕሮፖዛል ቁጥር ሰይሙ። «ፋይናል የመጨረሻ 2 የታረመ» የሚል ስም ማንንም አይረዳም። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በዚፕ ሲታሸጉ ስማቸው ሊበላሽ ይችላል።

ደረጃ 9፦ አረጋግጡ

የደረጃ 2ን ወረቀት አውጡ። ቁጥሮቹ ይግጠሙ። ካልገጠሙ ልዩነቱ በደረጃ 3 ውሳኔያችሁ ይገለጽ። «ትንሽ ነው የጎደለው» የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ 30 ፕሮፖዛሎች በዕጣ አውጡና ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥ። አንዱ ከድሮው ያንብብ፣ ሌላው ከአዲሱ ያረጋግጥ። አሰልቺ ነው። ሻይ ይዛችሁ ሥሩት። አማካዮቹን በራሳችሁ ደግማችሁ አስሉ፤ ሲስተሙ ያሰላውን ብቻ አትመኑ።

መጨረሻ ላይ እንደ አመልካች፣ እንደ ገምጋሚ፣ እንደ ሰብሳቢ ሎግኢን አድርጉ። የአድሚን አካውንት ሁሉን ስለሚያይ ምንም አይነግራችሁም። በስልክና በሞባይል ዳታም ሞክሩት። ግማሹ ሲሞላ መብራት ቢጠፋ የተጻፈው ይቀመጣል? ካልተቀመጠ ገምጋሚዎች መጀመሪያ ዎርድ ላይ እንዲጽፉ ንገሯቸው።

ደረጃ 10፦ ተሻገሩ

የድሮውን ሲስተም መጻፊያ ዝጉ፣ ማንበቢያው ይቆይ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ክፍት ከሆኑ ግማሹ ገምጋሚ በድሮው፣ ግማሹ በአዲሱ ይሞላል። ከመጨረሻው ባክአፕ በኋላ የገባ ለውጥ ካለ አምጡና ጫኑ።

ፓስወርድ አይዛወርም። ሁሉም አዲስ ይፍጠር። ግብዣውን በአንድ ጊዜ ለሁሉም አትላኩ፣ ወደ ስፓም ይገባል። በቀን ጥቂት ጥቂት አድርጉት። ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ ከቢሮው በቴሌግራም ወይም በደብዳቤ አሳውቁ፤ አለዚያ ሰው አጭበርባሪ መስሎት ይሰርዘዋል።

የመጀመሪያውን ጥሪ ስትከፍቱ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። የመዝጊያው ሰዓት «ከቀኑ 11» ከሆነ ሲስተሙ ላይ የሚጻፈው 17:00 ነው። የሲስተሙ የሰዓት ቀጠና በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ላይ ከቆመ ግን እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉ፣ ማስታወቂያው ላይም ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

ማስጠንቀቂያዎች

⚠ ፕሮፖዛል ያልታተመ ሐሳብ ነው። ለሙከራ ብላችሁ በግል ኢሜይል ወይም በቴሌግራም አትላላኩት።

⚠ የገምጋሚዎችና የአመልካቾች ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የትምህርት ማስረጃ የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። የአዲሱ ሲስተም ሰርቨር ውጭ አገር ከሆነ ውል ከመፈረሙ በፊት የሕግ ክፍላችሁን አማክሩ።

⚠ ውል ላይ «ስንወጣ ዳታችንን በሚከፈት ፎርማት፣ ከነፋይሎቹ ትሰጡናላችሁ» የሚል አንቀጽ ይግባ። ይህ ሲስተምም አንድ ቀን ይቀየራል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ዋናውን ፋይል ላይ ማጽዳት። ሁልጊዜ ቅጂ ላይ ሥሩ፣ በየቀኑም በቀኑ ስም አዲስ ቅጂ ያዙ።

ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ ብቻ መርጦ መደርደር። ነጥቦቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ስሞቹ ይቀራሉ። የአንዱ ነጥብ ለሌላው ይሰጣል፤ ፋይሉን ስታዩት ደግሞ ምንም የተበላሸ አይመስልም።

ቀለምን መርሳት። በድሮው ኤክሴል «አረንጓዴው ያለፈ፣ ቢጫው በይግባኝ» ከሆነ፣ ሲኤስቪ ቀለም አይዝም። ኤክስፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ቀለሙን በቃል ወደ አዲስ ዓምድ ጻፉት። በሳጥን ጥግ ላይ የተለጠፉ ማስታወሻዎችም እንደዚሁ ይጠፋሉ።

የአሮጌውን ሰርቨር ቶሎ ማጥፋት። አንድ ሙሉ ጥሪ ከማስታወቂያ እስከ ውሳኔና ይግባኝ በአዲሱ እስኪያልቅ ድረስ ይቆይ። ይግባኝ ላይ ነው ሰው የድሮውን ውጤት «አሳዩኝ» የሚለው።